እሳቱ በደጅ፣ አየሩ በቤት

ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬድዮ የቀረበ ንግግር

 

ደብተራችሁን አውጡ። እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ትምህርታችን ስለምንተኛበት ክፍል ነው። ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ክፍላችን አየር ያገኛል ወይ? እሳት ቢነሣስ መውጫ አለን ወይ?

በመጀመሪያ ግን አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ ማታ ማታ ጎልማሶችን አስተምር ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። ከተማሪዎቼ መካከል እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነበር። ክፍሉ ከግቢው መሬት ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ሦስት ደረጃ ወርዳችሁ ትገባላችሁ። በሩ አንድ ነው። መስኮት የለውም።

አንድ ማታ ራሳቸውን በሻሽ አስረው መጡ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ምንም አይደል፣ ቲቸር። ከሰል መቶኝ ነው። ልጆቹንም ራሳቸውን አሟቸዋል» አሉኝ።

በክፍሉ የነበረ ሁሉ መድኃኒት አዘዘ። አንዱ «ሎሚ ያሽትቱ» አለ። አንዷ «ወተት ይጠጡ» አለች። እኔስ ምን አልኩ? «አዎን፣ ሎሚ ጥሩ ነው» አልኩና ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ።

ያን ማታ ነፋሱ ብርድ ነበረው። እናትየው ቤታቸው ገብተው እራት አበሰሉ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ፍሙን አመድ አልብሰው አዳፈኑት። ማንደጃውን አልጋው አጠገብ አደረጉት። የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈኑና ከልጆቻቸው ጋር ተኙ።

ሊነጋ ሲል አንድ ጎረቤታቸው ከጥበቃ ሥራ ሲመለሱ ትንሹ ልጅ ሲያቃስት ሰሙ። በሩን አንኳኩ። መልስ የለም። በሩን ሰብረው ገቡ። ሦስቱንም እየጎተቱ ወደ ግቢ አወጧቸው። ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ኦክስጅን ተሰጣቸው። እግዜር ይመስገን፣ ሦስቱም ተረፉ። ትንሹ ልጅ ግን ዓይኑን የገለጠው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከሳምንት በኋላ እናትየው ወደ ትምህርት ተመለሱ። ትምህርቱ ሲያልቅ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፤

«ቲቸር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ልጆቹንም አሟቸዋል ብዬ ነግሬዎት ነበር። ለምን ከሰሉን ያውጡት አላሉኝም?»

መልስ አልነበረኝም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ ስለ ጤና አጠባበቅ ተምሬያለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። የተማርኩት ግን ደብተሬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የዛሬው ንግግር ያን ማታ ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

የማይታየው ጋዝ

ከሰል ሲነድ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ስሙ ረጅም ነው። ቀስ ብለን እናንብበው፤ ካር-ቦን ሞ-ኖክ-ሳ-ይድ።

ይህ ጋዝ ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም። አያስነጥስም፣ አያስልም። ስለዚህ ቤት ሲገባ ማንም አያየውም።

ሰውን የሚጎዳው እንዴት ነው? ደማችሁን እንደ ጋሪ ቁጠሩት። በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ጋሪ ሰው ጭኖ ሲመላለስ እናውቃለን። ደምም እንዲሁ ይመላለሳል። ተሳፋሪው ኦክስጅን ይባላል። ኦክስጅን ከአየር ውስጥ የምናገኘው፣ ለሕይወታችን የግድ የሚያስፈልገን ነገር ነው። ደም ኦክስጅንን ከሳንባ ይጭናል፤ ወደ አንጎልና ወደ ልብ ያደርሳል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀድሞ ጋሪው ላይ ይወጣል። ከወጣም ቶሎ አይወርድም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ነው። ጋሪው ይሄዳል፤ የተሳፈረው ግን ሌላ ነው። አንጎል ኦክስጅን ያጣል። ልብም ያጣል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ራስ ያማል። ያዞራል። ያቅለሸልሻል። ጉልበት ይከዳል። ሐሳብ ይደነጋገራል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «ደክሞኛል፣ ልተኛ» ብሎ ይተኛል። የተኛ ሰው ደግሞ ራሱን ማዳን አይችልም።

አንድ ትልቅ ምልክት አለ፤ አትርሱት። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወጣ ሲሉም ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው አትበሉ። ጋዙ ነው በሉ፤ ቶሎ ውጡ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የበለጠ ይጎዳሉ።

የተሳሳቱ እምነቶች

«ጭሱ ካለፈለት፣ ፍሙ ከቀላ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። የቀላ ፍምም ይህን ጋዝ ያወጣል። የሚታየው ጭስ ሄደ ማለት የማይታየው ጋዝ ሄደ ማለት አይደለም።

«አመድ አልብሼዋለሁ፣ አዳፍኜዋለሁ» የሚሉ አሉ። ይህም ስሕተት ነው። የተዳፈነ ፍም ለምን እስከ ጧት ይቆያል? ቀስ እያለ ስለሚነድ አይደል? ሲነድ ካደረ ጋዙንም ሲያወጣ ያድራል።

«እኔ ቆጥ ላይ ነኝ» ወይም «እኔ መሬት ላይ ነው የምተኛው» የሚሉም አሉ። ይህ ጋዝ ክብደቱ ከአየር ጋር የተቀራረበ ነው። በክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ከፍ ማለትም ዝቅ ማለትም አያድንም።

«ምድጃዬ ላቀች ነው» የሚሉም አሉ። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ ጥሩ ነው። ጋዙን ግን አያስቀርም።

ሎሚና ወተትስ? ሎሚ ጋዙን ከደም አያወጣም። ወተትም አያወጣም። የሚያወጣው ንጹሕ አየርና ሐኪም የሚሰጠው ኦክስጅን ነው።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ቤታቸው ውስጥ በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች በተደጋጋሚ አስታውቋል። ችግሩ የደጋ ብቻ፣ የእኛ አገርም ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮርያ ሰዎች ቤታቸውን የሚያሞቁት ከወለሉ ሥር የድንጋይ ከሰል እያነደዱ ነበር። ጋዙ በወለሉ ስንጥቅ ወደ መኝታ ክፍል ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በዚህ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ። በኋላ ማሞቂያቸውን ሲለውጡ አደጋው በጣም ቀነሰ። እሳቱ ከመኝታ ሲርቅ ሞትም ይርቃል።

ነፋስ ባለበት አገር ለምን አየር አጣን?

የአዳማ ሰው ነፋስን ያውቃል። ከከተማችን አጠገብ ከነፋስ መብራት የሚያመነጩ ትልልቅ መዘውሮች ቆመዋል። አዳማ አንድ 34 አለው። አዳማ ሁለት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 102 አለው። ይህን ያህል ነፋስ ደጃችን ላይ እያለ በታፈነ ክፍል እንተኛለን። ለምን?

ምክንያታችንን አውቃለሁ። አቧራ አለ። ወባ አለ። ሌባ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። አራስ ቤት ሲሆን ደግሞ ብርድ እንዳይመታት እየተባለ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ከዚያም ለገንፎው፣ ለቡናው፣ ለዕጣኑ ከሰል ይገባል። አራሷና ጨቅላው እዚያው ናቸው። እናቶች፣ አራስን በጋቢ፣ በብርድ ልብስ አሙቋት። ገንፎው ደጅ ተሠርቶ ይግባላት። ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ። ፍም አራስ ቤት አይደር።

ለወባው መድኃኒቱ አጎበርና የወንፊት ሽቦ ነው። ለሌባው የብረት ወንፊት ነው። ለአቧራው ጧት ጧት መጥረግ ነው። አየሩን መድፈን ግን ለአንዱም መፍትሔ አይሆንም።

ሁለት ቀዳዳ

አንድ ክፍል ቢያንስ ሁለት የአየር ቀዳዳ ያስፈልገዋል። አንዱ ከታች፣ በበሩ በኩል ይሁን። ሁለተኛው ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሌላው ግድግዳ በኩል ይሁን። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይሄዳልና በላይኛው ይወጣል። አዲሱ አየር በታችኛው ይገባል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ሲኖር አየሩ እንደ ልብ አይመላለስም።

ቤቱ የብሎኬት ከሆነ ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት የሚያህል ቦታ ይከፈት። የጭቃ ቤት ከሆነ በማገሮቹ መካከል ይከፈት። በሁለቱም ላይ ወባና አይጥ የማያሳልፍ ወንፊት ይመታበት። በጨርቅ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነ የቆየ ቀዳዳ ካለ ዛሬ ማታ ይከፈት።

ነገር ግን ልብ አድርጉ። ቀዳዳ አለኝ ብላችሁ ከሰል ይዛችሁ እንዳትተኙ። ቀዳዳው ለእስትንፋሳችን ነው እንጂ ለከሰሉ ፈቃድ አይደለም። አየር የሚመላለስበት ቤት የሳንባ ነቀርሳን መተላለፍም ይቀንሳል።

«ቤቱ የኪራይ ነው፤ ግድግዳ መብሳት አልችልም» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ግን ብቻችሁን አትሂዱ። በግቢው ያላችሁ ተከራዮች አብራችሁ ወደ አከራዩ ሂዱ። በአክብሮት ንገሩ። አንድ ቀዳዳ መክፈትና አንድ ክንድ ወንፊት መግዛት ብዙ ወጪ አይደለም። አከራዮችም ስሙን። ተከራያችሁ እንግዳችሁ ነው። በግቢያችሁ ሰው ታፍኖ ቢሞት በኪራዩ ገንዘብ አይመለስም።

ምድር ቤት

ከተሞቻችን ሽቅብ እያደጉ ነው። ከፎቆቹ ሥር ምድር ቤት ይሠራል። አንዳንድ ዘበኛና የቀን ሠራተኛ እዚያ ያድራል። እኒያ እናት እንደ ተከራዩት ዓይነት ከመሬት ዝቅ ያለ ክፍልም አለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

አንደኛ፣ በምድር ቤት ነፋስ አይገባም። የገባ ጋዝ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ በምድር ቤት ከሰል ከቶ አይያያዝ።

ሁለተኛ፣ ይኸው ጋዝ ከጀኔሬተርና ከመኪና ጭስ ማውጫም ይወጣል። ጀኔሬተር ባለበት ምድር ቤት ማንም አይተኛ። ጀኔሬተሩ ከሕንፃው ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቁም።

ሦስተኛ፣ ጭስና ሙቀት ወደ ላይ ይወጣሉ። ምድር ቤት ውስጥ እሳት ሲነሣ ደረጃው እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል። መውጫችሁ ያ ደረጃ ብቻ ከሆነ ተዘጋባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ምድር ቤት መኝታ የሚሆነው ሁለተኛ መውጫ ሲኖረው ነው። ይህም ሌላ በር ወይም ሰው የሚያሾልክ፣ ከውስጥ የሚከፈት መስኮት ነው። ያ ከሌለ ዕቃ ይቀመጥበት፤ ሰው አይተኛበት።

እሳት ቢነሣ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንምጣ። መውጫ አለን ወይ?

ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብዙዎቻችን ምድጃውን በር ላይ እናደርጋለን። ጭሱ ይውጣ ብለን ነው። ቡታጋዙንም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውንም እዚያው እናስቀምጣለን። አስቡት እስቲ። እሳቱ በር ላይ ከተነሣ በየት እንወጣለን? በርና አልጋ መካከል እሳት አይቀመጥ። ምግብ በረንዳ ላይ ይሠራ። የኤሌክትሪክ ምድጃ የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ ከበሩ ራቅ ባለው ግድግዳ በኩል ይሁን፤ ከአልጋና ከመጋረጃም ይራቅ።

መብራት ሲጠፋ ምድጃውን ከሶኬቱ ንቀሉት። ረስታችሁት ከተኛችሁ መብራቱ ሌሊት ሲመጣ ምድጃው ብቻውን ይግላል።

ኩራዝና ሻማ በፕላስቲክ ዕቃ ላይ፣ በአጎበር አጠገብ አታስቀምጡ። አጎበር ይቀጣጠላል፤ የአቡጀዲና የማዳበሪያ ኮርኒስም እንዲሁ። ሻማውን በጣሳ ውስጥ አቁሙት። ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉት።

የባጃጅ ነጂዎች፣ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልታችሁ አልጋ ሥር አታኑሩ። የቤንዚን ትነት ክብሪት ከሩቅ ይስባል። በአርሲ ነገሌ አረቄ የምታወጡ እናቶችም የወጣውን አረቄ ከእሳቱ አርቁት። አረቄም እንደ ቤንዚን ይነዳል።

የመስኮት ብረት ለሌባ ጥሩ ነው፤ ለማምለጥ ግን እንቅፋት ነው። ብረቱ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል። ከሁሉ በላይ፣ ልጆችን ከውጭ ቆልፋችሁባቸው አትሂዱ። ቸግሯችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቁልፉን ለጎረቤት ስጡ።

እሳት ከተነሣ ዕቃ አታንሡ። ልጆችን ይዛችሁ ውጡ። ጭስ ከላይ ስለሚከማች ጎንበስ ብላችሁ፣ ካስፈለገም እየዳኻችሁ ሂዱ። ልብሳችሁ ከተያያዘ አትሩጡ፤ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ከተቀጣጠለ ውኃ አታፍስሱበት። በአሸዋ አፍኑት። የተቃጠለ ቆዳን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡበት።

ጮክ ብላችሁም ተጣሩ። ጎረቤታችሁ አማርኛ የሚናገር ከሆነ «እሳት!» በሉ። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ከሆነ «ኢቢዳ!» በሉ። ሁለቱንም ብትሉ ደግሞ የበለጠ ነው።

ከሰል የመታው ሰው ብታገኙ በሩን በርግዳችሁ ክፈቱ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ጎትታችሁ ወደ ደጅ አውጡት። እናንተም ውስጥ አትቆዩ፤ ሊያድን ገብቶ የቀረ አለና። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር አትስጡ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት። መተንፈስ ካቆመ የሚያውቅ ሰው ትንፋሽ ይስጠው። ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱት። «ተሻለኝ» ቢልም ይታይ። ሕመሙ ከቀናት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

የዛሬው ጽሑፋችን

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጀመሪያ የጻፈችው ስሟን ነበር። እናንተም ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። ዛሬ ደግሞ ሕይወት የሚያድን ነገር እንጻፍ።

አንድ ወረቀት ውሰዱ። በትልቁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤

ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907

ከዚያ በታች የከተማችሁን የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር ጻፉ። ካላወቃችሁት ነገ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከዚያም የአንድ ጎረቤታችሁን ቁጥር ጨምሩ። ወረቀቱን በራችሁ አጠገብ ለጥፉት። ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው።

አሁን ጥያቄዎቹን አንብቡ። መልሱን ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

1. ዛሬ ማታ የምትተኙበት ክፍል ስንት የአየር ቀዳዳ አለው? የተደፈነ አለ?

2. የተዳፈነ ፍም ለምን ያደርሳችኋል ጉዳት?

3. በሩ ላይ እሳት ቢነሣ በየት ትወጣላችሁ?

4. የቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን ቢያመው መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

እኒያ እናት አሁን ማንደጃቸውን ደጅ ያሳድራሉ። ክፍላቸውንም ለውጠዋል። አዲሱ ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮት ግን አለው። ባለፈው ሳገኛቸው ትንሹ ልጅ አብሯቸው ነበር። በራቸው ላይ የለጠፉትን ወረቀት በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «እሳቱ በደጅ፣ አየሩ በቤት።»

እናንተም እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት፤ አንብባችሁም ማንደጃውን አውጡ።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደህና እደሩ።